ቲፒ ሊንክ 841ኤን ከኦፕን ደብሊው አር ቲ ጋር፦ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ አልነሳም አለ (አዳማ)

ቦኩ_ልጅ · ሰኞ ማታ 2:15

ሰላም ለሁላችሁ። ዕቃው ቲፒ ሊንክ 841ኤን ነው፤ ሥሩ ላይ ያለው ስቲከር ቨርዥን 11.1 ይላል። የተጫነበት ኦፕን ደብሊው አር ቲ (በፋብሪካው ፈንታ የሚጫን ነፃ የራውተር ሲስተም) 18.06 ነው። ያለው ቦኩ አካባቢ፣ አራት ተከራይ አንድ መስመር የሚጋራበት ግቢ ውስጥ ነው። መስመሩን ለሁሉም እኩል እንዲያካፍል ኤስኪውኤም የሚባለው ፓኬጅ ሊጫንበት ተሞክሮ መሃል ላይ «ቦታ የለም» ብሎ ቆመ። ራውተሩ ግን መሥራቱን ቀጠለ። ከሦስት ቀን በኋላ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ እንዲህ ሆነ፦

ፓወር መብራቷ በርታ ትቀራለች። ሲስተም የምትባለዋ ብልጭ ድርግም ትላለች፤ ትንሽ ቆይቶ ሁሉም መብራቶች አንድ ላይ ቦግ ይሉና ነገሩ እንደገና ከመጀመሪያው ይጀምራል። የዋይፋዩ ስም አይታይም። በኬብል 192.168.1.1 አይከፈትም፤ ላፕቶፑ አንዴ «ተገናኝቷል»፣ አንዴ «ኬብሉ ተነቅሏል» ይላል። ሪሴቱን 30 ሰከንድ ተጭኖ መያዝ ምንም አልለወጠም።

እጄ ላይ ያለው ዊንዶውስ 10 ላፕቶፕ፣ አንድ የኔትወርክ ኬብልና ቴስተር ነው። ሲሪያል ገመድ (ከራውተሩ ቦርድ ጋር በቀጥታ መነጋገሪያ) የለኝም። ከየት ልጀምር?

ጋሽ_ቴስተር · ሰኞ ማታ 3:02

ልጄ፣ ለጊዜው ምንም ፋይል አትጻፍበት። ራውተር ሦስት ፎቅ ነው፤ ታች ኤሌክትሪኩ፣ መሃል ሲስተሙን የሚያስነሳው ትንሽ ፕሮግራም ቡትሎደሩ፣ ላይ ሲስተሙ ራሱ፣ ኦፕን ደብሊው አር ቲ (ባጭሩ ኦፕኑ)። የታመመው የትኛው ፎቅ እንደሆነ ሳይታወቅ የሚጻፍ ፈርምዌር (የራውተሩ ሲስተም ፋይል) ደህናውንም ይዞ ይሄዳል። ከነገርከን ነገር አንድ መልካም ዜና አለ። ሲስተም መብራቷን ብልጭ ድርግም የሚያደርጋት ኦፕኑ ራሱ ነው። እሱ እዚያ ድረስ ከደረሰ ያስነሳው ቡትሎደር ደህና ነው ማለት ነው። ስለዚህ ችግሩ ወይ ከላይ ነው ወይ ከታች፣ መሃል ላይ አይደለም።

መብራቷን በስልክ ቪዲዮ ቅረጻትና ቁጠር። በሰከንድ 5 ጊዜ ያህል ከሆነ ገና ሊነሳ ሲል ያለው አጭር ጊዜ ነው፤ ቁልፍ ተጭነህ ልታስቆመው የምትችለው እዚያ ላይ ብቻ ነው። ከዚያ ወደ 2 ወይም 3 ይወርዳል፤ ያኔ መነሳቱን ቀጥሏል፣ አምልጦሃል። በሰከንድ 10 ያህል ከሆነ ፌልሴፍ (የተቀየረውን ቅንብር ትቶ በትንሹ የሚነሳበት የጥገና ሁኔታ) ውስጥ ገብቷል። ሳትቋረጥ ቀጥ ብላ ከበራች ተነስቶ ጨርሷል። ሪሴቱን 30 ሰከንድ መያዝህ ያልሠራውም ለዚህ ነው፤ ያ ቁልፍ ቅንብሩን የሚያጠፋው ሲስተሙ ተነስቶ ካለቀ በኋላ ሲጫኑት ነው፣ ያንተው ደግሞ አንድም ጊዜ ተነስቶ አላለቀም።

አሁን ፌልሴፍ እንግባ። የላፕቶፑን ዋይፋይ አጥፋ። የኬብሉን አይፒ በእጅ 192.168.1.2፣ ማስክ 255.255.255.0 አድርግ፤ ጌትዌይ ባዶ ይሁን። ኬብሉ ላን 1 ላይ ይሰካ፣ ሰማያዊው ቀዳዳ ላይ አይደለም። ተራ ስዊች ካገኘህ በራውተሩና በላፕቶፑ መካከል አስገባው። ራውተሩ በተነሳ ቁጥር የኬብሉ ግንኙነት ይቋረጣል፤ ዊንዶውስም ግንኙነቱ ተመልሶ አድራሻውን እስኪይዝ ድረስ የምትፈልጋቸው ሰከንዶች ያልፋሉ። ስዊች ሲኖር የላፕቶፑ ጎን አይቋረጥም።

ራውተሩን አብራ። ሲስተም መብራቷ መርገብገብ እንደጀመረች ሪሴቱን ቶሎ ቶሎ ንካው፤ ተጭነህ አትያዘው። በሰከንድ ወደ 10 ስትፈጥን ተው። ከዚያ ፑቲ በሚባለው ፕሮግራም በኤስኤስኤች (ራውተሩን ከላፕቶፑ በጽሑፍ ማዘዣ መንገድ) ወደ 192.168.1.1 ግባ፤ ስም ሩት፣ ፓስዎርድ የለም። ስትገባ መጀመሪያ ማውንት ሩት የሚለውን ትእዛዝ ስጥ፤ በሁለቱ ቃላት መካከል የታች ሰረዝ አለ። ቀጥሎ ዲኤፍ ሰረዝ ኤች ብለህ ኦቨርሌይ (የምትቀይረውና የምትጭነው የሚቀመጥበት ቦታ) የሚለው መስመር ስንት ፐርሰንት እንደሞላ ንገረን።

አንድ ነገር ደግሞ ልጠይቅህ፤ ፌልሴፍ ውስጥ ሳለ 10 ደቂቃ ሳይጠፋ ይቆያል ወይ? እዚያ ውስጥ ዋይፋዩ ስለማይነሳ የሚስበው ኃይል ትንሽ ነው። ፌልሴፍ ላይ ጸንቶ ዋይፋይ ሲነሳ ከወደቀ ከፈርምዌሩ በፊት አዳፕተሩን እናያለን።

ፍራንኮ_ኬብል · ሰኞ ማታ 3:20

ይሄን ሁሉ ከምትደክሙ በሲኤች341ኤ ፕሮግራመር (ቺፕን በቀጥታ የሚያነብና የሚጽፍ መሣሪያ) የፍላሽ ቺፑን ሙሉ በሙሉ አጥፍቶ የፋብሪካውን ፋይል መጻፍ ነው። ያለቀ ነገር ነው።

ሳሮን_ኔት · ሰኞ ማታ 3:48

ወንድሜ ቦኩ፣ ይህን በፍጹም እንዳታደርግ። ፍራንኮ፣ በቅንነት እንደጻፍከው አውቃለሁ፤ ግን የዚህን ዕቃ ዋይፋይ ለዘለቄታው የሚገድለው ይሄ ነው።

የ841ኤን ቨርዥን 11 ፍላሽ 4 ሜጋባይት፣ ማለትም 4,194,304 ባይት ነው። የመጀመሪያው 131,072 ባይት ቡትሎደሩ ነው። የመጨረሻው 65,536 ባይት ደግሞ አርት ይባላል፤ የዚያ የአንዱ ዕቃ የሬዲዮ መለኪያ እዚያ ላይ ነው የተጻፈው። ፋብሪካው እያንዳንዱን ራውተር ለብቻው ለክቶ ነው የሚጽፈው። ከአምራቹ ገጽ የሚወርደው ፋይል ውስጥ አርት የለም። ቺፑን ሙሉ አጥፍተህ ያንን ፋይል ብትጽፍ ራውተሩ ቢነሳ፣ ገጹ ቢከፈት፣ ኬብሉም ቢሠራ እንኳ ዋይፋዩ አይነሳም። የሌላ ራውተር አርት ብትገለብጥለት ሊነሳ ይችላል፤ ነገር ግን ጉልበቱ የተዛባ ይሆናል፣ ሁለት ክፍል ርቀት ላይ ይቆራረጣል።

ሌላው ማክ አድራሻው (የዕቃው የኔትወርክ መለያ ቁጥር) ነው። ቲፒ ሊንክ በእነዚህ ዕቃዎች ላይ ማክ የሚያስቀምጠው በቡትሎደሩ ክፍል መጨረሻ አካባቢ ነው። የጎረቤትን ራውተር ሙሉ ቅጂ የጻፈ ሰው የጎረቤቱን ማክም ይዞ ይመጣል። ሁለቱ አንድ ኔትወርክ ላይ የተገናኙ ቀን አንዱ ሲሠራ ሌላው ይቋረጣል፣ ምክንያቱንም ማግኘት ያስቸግራል።

ፕሮግራመር የግድ የሚሆነው ቡትሎደሩ ሲሞት ብቻ ነው፤ ያኔም መጀመሪያ ማንበብ ነው። ሁለቴ አንብባችሁ ሁለቱ ፋይሎች አንድ ዓይነት ካልሆኑ ፕሮግራመሩን ከቺፑ ጋር የሚያገናኘው መቆንጠጫ በደንብ አልያዘም ማለት ነው። ብዙ ጊዜ መቆንጠጫው ከቺፑ አልፎ ቦርዱን በሙሉ ስለሚመግብ ንባቡ ይዛባል፤ ቺፑን ነቅሎ ማንበብ ይሻላል። ጥቁሩ ሲኤች341ኤ ደግሞ በዳታ እግሮቹ ላይ 5 ቮልት ያወጣል፤ ቺፑ 3.3 ቮልት ነው። ያልተስተካከለ ፕሮግራመር አትጠቀሙ።

ቦኩ_ልጅ · ማክሰኞ ማታ 1:30

ጋሼ፣ እንዳሉት አደረግኩ። ውጤቱ ይኸው፦

ከአንዱ ቦግታ እስከ ሌላው 40 ሰከንድ ያህል ነው። በቪዲዮው ላይ መጀመሪያ በሰከንድ 5፣ ከዚያ 2 ወይም 3፣ ከዚያ ወደ መነሻው ይመለሳል። ፌልሴፍ በአራተኛው ሙከራ ገባ፤ ያለ ስዊች ነበር፣ ስዊች ሳስገባ ወዲያው ሆነ። 15 ደቂቃ ሳይጠፋ ቆይቷል። በዊንዶውስ ጥቁር መስኮት ኤስኤስኤች ስሞክር «የቁልፍ ዓይነት አልተስማማም» የሚል መልእክት አመጣ፤ በፑቲ ግን ገባ። ኦቨርሌይ 100 ፐርሰንት፣ የቀረ 0 ይላል።

አዳፕተሩ 9 ቮልት 0.6 አምፔር የሚል ነው። ራውተር ሳይሰካበት ሲለካ 9.2 ቮልት ያሳያል፣ ስለዚህ ደህና ይመስለኛል።

ጋሽ_ቴስተር · ማክሰኞ ማታ 2:10

ጎበዝ። የላዩ ፎቅ በሽታ ተገኝቷል፤ የታችኛውን ግን ገና አልለካኸውም። ባዶውን የተለካ አዳፕተር ምንም አይነግርህም፣ ወደዚያ እመለሳለሁ።

ኦቨርሌዩ ለምን ገደለው? ኦፕን ሁለት ንብርብር ነው። ከታች ያለው ስኳሽኤፍኤስ ተጨምቆ የተዘጋ ነው፣ ማንም አይጽፍበትም። የምትቀይረው ሁሉ፣ ፓስዎርዱም የዋይፋይ ስሙም የምትጭነው ፓኬጅም፣ የሚቀመጠው ከላይ ባለው ጄኤፍኤፍኤስ2 ላይ ነው፤ ባለ 4 ሜጋ ዕቃ ላይ ይህ ቦታ ጥቂት መቶ ኪሎባይት ብቻ ነው። ጄኤፍኤፍኤስ2 ፋይል ሲያጠፋም ሲያሻሽልም አዲስ መዝገብ ይጽፋል፤ አሮጌውን የሚጠርገው በኋላ ነው፣ ለመጥረግም ባዶ ቦታ ይፈልጋል። ጨርሶ ሲሞላ ማጥፋትም ያቅተዋል። መሃል ላይ የቆመው ያ ፓኬጅ ግማሽ ፋይሎቹን እዚያ ትቶ ነው የቀረው። ከዚያ መብራት ሲጠፋ እየተጻፈ የነበረው ቅንብር ተቆረጠ። ሌላም ብዙ ሰው የሚሳሳትባት ነገር አለች፤ ከኦፕኑ ፈርምዌር ጋር አብሮ የመጣ ፓኬጅ ብታጠፋ ቦታ አታተርፍም። ፋይሉ ከታች እንዳለ ሆኖ «ጠፍቷል» የሚል ምልክት ከላይ ይጻፋል፤ እንዲያውም ቦታ ይወስድብሃል።

ስለዚህ ፌልሴፍ ውስጥ ሆነህ ፈርስትቡት በል፤ አንድ ቃል ነው፣ ሁሉም ትንንሽ ፊደል። ይጠይቅሃል፣ ዋይ ብለህ መልስ። ማውንት ሩት ከሰቀለ ወይም ስህተት ካወጣ እሱን ዝለለውና ፈርስትቡትን በቀጥታ ስጥ፣ ይሠራል። ከዚያ ሪቡት። ሲነሳ ሲስተም መብራቷ ቀጥ ብላ ብትበራም 5 ደቂቃ አትንካው፤ ኦቨርሌዩን ከጀርባ ገና እያጸዳው ነው። እዚህ ላይ ፓወር የተነቀለበት ራውተር መልሶ እዚያው በሽታ ውስጥ ይገባል። ዲሲ ዩፒኤስ ካለ በእሱ አድርገው።

ዋይፋዩ አለመታየቱ አያስደንግጥህ፤ ኦፕን እንደ አዲስ ሲነሳ ዋይፋዩ የተዘጋ ነው። ሉሲ (የኦፕኑ የቅንብር ገጽ) ገብተህ አንተ ነህ የምትከፍተው።

አሁን አዳፕተሩ። 15 ኦም 10 ዋት ሪዚስተር ግዛ። 9 ቮልት ለ15 ሲካፈል 0.6 አምፔር ነው፣ ልክ ስቲከሩ ላይ የተጻፈው። በአዳፕተሩ ጫፍ ሁለት ምሰሶዎች መካከል ያዘውና ቴስተሩን እዚያው ላይ አስቀምጥ። ሪዚስተሩ ከ5 ዋት በላይ ስለሚበላ ያቃጥላል፤ በእጅህ አትያዘው፣ ፕላስቲክ ላይም አታስቀምጠው። ሦስት ደቂቃ ጠብቅ። ከ8.5 በታች ከወረደ አዳፕተሩ አይሆንም።

ሳሮን_ኔት · ማክሰኞ ማታ 2:25

ስለ ኤስኤስኤቹ፦ በ18.06 ላይ ያለው ድሮፕቤር (የራውተሩ የኤስኤስኤች ፕሮግራም) የሚያቀርበው የአርኤስኤን አሮጌውን ፊርማ ብቻ ነው፤ አዲሶቹ የኤስኤስኤች ፕሮግራሞች ያንን ዘግተውታል። ፑቲ ስለሚቀበለው ነው የገባው። ፋይል ስትገለብጥ ደግሞ ሌላ ግድግዳ አለ። ኤስሲፒ (የፋይል መገልበጫው ትእዛዝ) ከአዲሱ ላፕቶፕ ሲላክ ኤስኤፍቲፒ በሚባለው አዲስ መንገድ ለማለፍ ይሞክራል፣ ራውተሩ ላይ እሱ የለም፤ «አልተገኘም» ብሎ ይመልሳል። ከኤስሲፒ ቀጥሎ ሰረዝና ትልቁን ኦ ጨምርበት፣ በአሮጌው መንገድ ይሄዳል። የላቲኑ ፊደል ኦ ነው፣ ዜሮ አይደለም።

ቦኩ_ልጅ · ረቡዕ ማታ 1:50

ፈርስትቡት ሠርቷል። ሉሲ በ192.168.1.1 ተከፈተ። በኬብል ብቻ ሁለት ሰዓት ጸንቶ ቆየ። ዋይፋዩ ተከፍቶ ሦስት ስልኮች ሲገናኙበት ግን አንድ ደቂቃም ሳይቆይ መብራቶቹ ቦግ ብለው ከዜሮ ተነሳ። ሁለቴ ተደግሟል።

ሪዚስተሩ ላይ አዳፕተሩ 7.6 ቮልት ነው። በሦስተኛው ደቂቃ 7.3 ወረደ።

ጋሽ_ቴስተር · ረቡዕ ማታ 2:20

ሁለት በሽታ አንድ ላይ ነበረበት ማለት ነው፤ አንዱ ብቻ ቢታከም ኖሮ ሌላው «ፈርምዌሩ መጥፎ ነው» ያሰኝህ ነበር። መብራት ሲመጣ ቮልቴጁ ከፍና ዝቅ ይላል፤ የእነዚህ ርካሽ አዳፕተሮች የመውጫ ካፓሲተር በሙቀትና በዚህ ይደርቃል። አዳማ ከቆርቆሮ ሥር ግድግዳ ላይ የተሰቀለ አዳፕተር ደግሞ ቀኑን ሙሉ ይጋገራል፤ ዝቅ አድርገህ አየር የሚያገኝበት ቦታ ስካው።

አዲስ ስትገዛ 9 ቮልት ሆኖ አምፔሩ 0.6 ወይም ከዚያ በላይ ይሁን፤ 1 አምፔር ምንም አይጎዳውም፣ ዕቃው የሚፈልገውን ያህል ብቻ ነው የሚስበው። ቮልቱ ግን አይለወጥ፤ «ይገባል» ተብሎ የ12 ቮልት ጫፍ አይሰካም። ውስጡ ፕላስ ውጩ ማይነስ መሆኑን ስቲከሩ ላይ ካለው ሥዕል ጋር አመሳክር። ካፓሲተሩን ልቀይር የምትል ከሆነ ከሶኬት ከነቀልክ በኋላም በመግቢያው በኩል ያለው ትልቁ ካፓሲተር ከ300 ቮልት በላይ ይዞ ሊቆይ ይችላል። በቴስተር ለክተህ ባዶ መሆኑን ሳታይ በጣትህ አትንካ።

ወንጂ21 · ረቡዕ ማታ 3:05

በዚሁ አጋጣሚ፦ አርቸር ሲ6 ቨርዥን 3፣ ኦፕን 23.05። የዋን ቀዳዳው (የኢንተርኔት መግቢያው) ከመስመሩ ሞደም ጋር ሲያያዝ ኢንተርኔት የለም፤ 192.168.1.1 ስል አንዴ የሞደሙ ገጽ አንዴ የኦፕኑ ይመጣል። ሞደሙን ብሪጅ (ማስተላለፊያ ብቻ) አድርገን በፒፒፒኦኢ (ራውተሩ ራሱ በስምና በፓስዎርድ መስመሩ ላይ የሚገባበት መንገድ) ስንሞክር ደግሞ ገባ፣ ግን አንዳንድ ገጽ ይከፈታል፣ አንዳንዱ ነጭ ሆኖ ይቀራል። 5 ጊጋኸርትዙም አይታይም።

ሚጢጢ_ባይት · ረቡዕ ማታ 3:40

ወንጂ፣ ሦስት የተለያየ ነገር ነው።

የመጀመሪያው የአድራሻ ግጭት ነው። ሞደሙም ኦፕኑም ሲመጡ 192.168.1.1 ናቸው። ራውተሩ ሞደሙን በዋን በኩል ሊያገኘው ሲል «ይሄ እኔው ነኝ» ይላል፣ መንገዱም ይጠፋበታል። ሞደሙን ነቅለህ ኦፕኑ ውስጥ ግባና የላኑን አድራሻ 192.168.2.1 አድርገው። ሉሲ ለውጡን ካስቀመጥክ በኋላ 90 ሰከንድ ውስጥ በአዲሱ አድራሻ ካልገባህ ወደ ቀድሞው ይመልሰዋል፤ ስለዚህ ቶሎ ኬብሉን ነቅለህ ሰካና አዲስ አይፒ ይዘህ በ192.168.2.1 ግባ፣ ወይም «ሳታረጋግጥ ተግብር» የሚለውን ምረጥ። ብዙ ሰው «አልቀየርልኝ አለ» የሚለው ይቺን ሳያውቅ ነው።

ነጭ የሚሆኑት ገጾች ምክንያት ኤምቲዩ (የአንድ ፓኬት ትልቁ መጠን) ነው። ፒፒፒኦኢ ከእያንዳንዱ ፓኬት 8 ባይት ይወስዳል፤ 1500 የነበረው 1492 ይሆናል። ከላፕቶፑ ፒንግ ሰረዝ ኤፍ ሰረዝ ኤል 1464 ሞክር፤ 28 ባይት ራስጌ ሲጨመርበት 1492 ይመጣል። 1464 አልፎ 1465 እምቢ ካለ መስመሩ ልክ ነው። ከዚያ ፋየርዎል ውስጥ ፒፒፒኦኢው ያለበት ዞን ላይ ኤምኤስኤስ ክላምፒንግ (ፓኬቱን ለመስመሩ ልክ የሚያሳንሰው) ምልክት መደረጉን እይ። ዋን የሚለው ዞን ላይ ሲመጣ ጀምሮ አለ፤ የሚጠፋው አዲስ ዞን ሲከፈት ነው። ሞደሙን ብሪጅ ከማድረግ በፊት የመስመሩን ስምና ፓስዎርድ ወረቀት ላይ መጻፍም አይረሳ።

5 ጊጋው፦ የአገር ኮድ ካልተመረጠ ራሱን ችሎ እንዳያሰራጭ የተከለከለባቸው ቻናሎች ናቸው። ኢትዮጵያን ምረጥ፣ ቻናሉን 36 አድርግ። ከ52 ጀምሮ ያሉትን ከመረጥክ ራዳር መኖር አለመኖሩን ለማዳመጥ ቢያንስ 60 ሰከንድ ዝም ይላል፤ ሰው ተበላሸ ብሎ የሚያጠፋው በዚያች ደቂቃ ነው።

ቦኩ_ልጅ · ሐሙስ ማታ 1:20

በአዲስ አዳፕተር ከትናንት ማታ ጀምሮ አልጠፋም፣ ዋይፋዩ ላይ ሰባት ዕቃ አለ። አመሰግናለሁ። ግን ኤስኪውኤም ካልገባበት ለአራቱ ተከራይ አይበቃም። ይሄን ወደ ፋብሪካው ፈርምዌር መልሼ ለጓሮው ክፍል ማዳረሻ ላደርገው፣ ለዋናው ሌላ ልገዛ አስቤአለሁ። ከአምራቹ ገጽ ያወረድኩት ፋይል ስሙ ውስጥ «ቡት» የሚል ቃል አለበት። እንዳለ ልጻፈው?

ሚጢጢ_ባይት · ሐሙስ ማታ 2:00

እንዳለ አትጻፈው! «ቡት» ያለበት ፋይል ከፊቱ የራሱን ቡትሎደር ይዟል። የፋብሪካው ገጽ ያንን ቆርጦ መጣል ያውቃል፤ ኦፕኑ ግን ፋይሉን ከመጀመሪያው ባይት ጀምሮ ፈርምዌር ቦታ ላይ ያስቀምጠዋል፣ ሁሉም ነገር በ131,584 ባይት ይገፋል፣ አይነሳም።

መለያው መጠኑ ነው። 4,063,744 ባይት ከሆነ ቡትሎደር አለበት። ከፊቱ 257 ብሎክ፣ እያንዳንዱ 512 ባይት፣ ሲቆረጥ 3,932,160 ይቀራል። በዲዲ ትእዛዝ (ፋይል መቁረጫው) የብሎክ መጠን 512፣ ዝላይ 257 በል፤ ሊኑክስ ከሌለህ ራውተሩ ራሱ ላይ ቴምፕ ውስጥ ማድረግ ይቻላል። ውጤቱ በትክክል 3,932,160 ካልሆነ አትቀጥል። ቴምፕ ማለት ራሙ ነው፣ ያለህ ደግሞ 32 ሜጋ ብቻ ነው፤ ከቆረጥክ በኋላ ዋናውን ፋይል አጥፋ፣ ዋይፋዩን ዝጋ፣ ፍሪ ብለህ ቢያንስ 8 ሜጋ ባዶ እንዳለ እይ። ከዚያ በኤምቲዲ ትእዛዝ ፈርምዌር ወደሚባለው ክፍል ጻፈው፤ ሰረዝ አር ከጨመርክበት ሲጨርስ ራሱ ይነሳል። እስኪነሳ ሦስትና አራት ደቂቃ እጅህን ሰብስብ።

ቢሳሳትም ቡትሎደሩ ደህና እስከሆነ ድረስ በቲኤፍቲፒ (ቡትሎደሩ ከላፕቶፑ ፋይል የሚጠይቅበት መንገድ) ይመለሳል። ላፕቶፑን 192.168.0.66 አድርገው፤ የሶስተኛው ቁጥር ዜሮ መሆኑን ልብ በል፣ ብዙዎች በ192.168.1 ላይ ሆነው ሌሊቱን ሙሉ ይለፋሉ። ቲኤፍቲፒዲ64ን ክፈት፣ ከላይ ያለው ዝርዝር ላይ የኬብሉን ካርድ ምረጥ። ሪሴቱን ተጭነህ ይዘህ ራውተሩን አብራ፤ የደብሊውፒኤስ መብራቷ እስክትበራ፣ 8 ሰከንድ ያህል፣ አትልቀቅ። ሎጉ ላይ ከ192.168.0.86 ጥያቄ ይመጣል፣ የሚፈልገውንም የፋይል ስም ፊደል በፊደል ጽፎ ያሳይሃል። ስሙን ከሰው አትጠይቅ፤ ከዚያው ገልብጠህ ፋይልህን ሰይመው።

ጥያቄው መጥቶ ፋይሉ ካልሄደ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ዊንዶውስ የሚደብቀው የፋይል ቅጥያ ነው። አንተ ቢን ብለህ ስትጨምር እሱ የደበቀው ሌላ ቢን አለ፤ ፋይሉ ቢን ነጥብ ቢን ሆኖ ይቀመጣል። ቅጥያ እንዲያሳይ አድርገህ እይ። ሁለተኛው ፋየርዎሉ ነው፣ ለዚያች አምስት ደቂቃ ዝጋው። ሎጉ ላይ ምንም ካልመጣ ስዊቹን አስገባ። ስዊችም ገብቶ ዝም ካለ ሲሪያል ነው፤ 3.3 ቮልት፣ ፍጥነት 115200፣ ሦስት ገመድ ብቻ፦ ግራውንድ ከግራውንድ፣ ቲኤክስ ከአርኤክስ ተሻግሮ። አራተኛውን የቮልት ገመድ አታያይዝ።

ይሄ አድራሻ ለቨርዥን 11 ነው። ያው 841ኤን ሆኖ ቨርዥን 13 ከሆነ ላፕቶፑ 192.168.0.225 ነው የሚሆነው። ካነሳነው አይቀር፣ «አዲስ ቨርዥን ይሻላል» ብላችሁ አትግዙ፤ 13 ፍላሹ 8 ራሙ 64 ሜጋ ነበር፣ 14 ተመልሶ 4 እና 32 ነው። ሻጩን ከማመን ስቲከሩን ማንበብ። ለአራት ተከራይና ለኤስኪውኤም ፍላሹ 16፣ ራሙ 128 የሆነ ፈልግ።

ጋሽ_ቴስተር · ሐሙስ ማታ 2:30

ለአዲሱ ራውተርህ አንድ ነገር ልጨምር። እነዚህ ዕቃዎች የሰዓት ባትሪ የላቸውም። መብራት አምስት ሰዓት ጠፍቶ ሲመጣ ራውተሩ ሰዓቱን የሚጀምረው ከኋላ ነው፣ በኢንተርኔት እስኪያስተካክል ድረስ። የተመሰጠረ ዲኤንኤስ ያደረገ ሰው እዚህ ይጣበቃል፦ ሰዓቱ ካልተስተካከለ ሰርተፊኬቱን አይቀበልም፣ ዲኤንኤስ ካልሠራ ሰዓቱን አያገኝም። የሰዓት ሰርቨሩን በስም ሳይሆን በአይፒ ቁጥር ማስገባት ይፈታዋል። የሰዓት ክልሉን አዲስ አበባ በል፣ አለዚያ ሎጉ በ3 ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል። ሌሊት ራሱን እንዲያድስ ክሮን (የሰዓት መርሐ ግብሩ) ላይ ስትጽፍ ደግሞ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 10 ሰዓት የሚጻፈው 4 ተብሎ ነው። 10 ብለህ ከጻፍክ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ፣ ሰው ሥራ ላይ እያለ ይነሳል።

ቦኩ_ልጅ · ሐሙስ ማታ 3:10

ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የተቆረጠው ፋይል 3,932,160 ሆኗል። ከመጻፌ በፊት፣ ሳሮን ያልሽውን አርት እንዴት ላስቀምጠው?

ሳሮን_ኔት · ሐሙስ ማታ 3:25

ደግ አደረግህ፣ አሁኑኑ አስቀምጠው። በኤስኤስኤች ገብተህ ፕሮክ ሥር ያለውን ኤምቲዲ የሚል ፋይል በካት ክፈት። ዝርዝር ይመጣል፤ ስሙ አርት የሆነው ፊት ያለውን ቁጥር ያዝ፤ በዚህ ዕቃ ላይ ብዙውን ጊዜ 4 ነው፣ ግን ያንተን ዝርዝር እመን። ዴቭ ሥር ያለውን የዚያን ቁጥር ኤምቲዲ በካት ወደ ቴምፕ ገልብጠው፤ ዩቡት (ቡትሎደሩ) የሚለውንም እንዲሁ፣ ማኩ እዚያ ነው። ከዚያ በኤስሲፒ፣ ሰረዝና ትልቁን ኦ ጨምረህ፣ ወደ ላፕቶፑ አውጣቸው። የፋይሉ ስም ላይ ከስቲከሩ የማኩን የመጨረሻ አራት ፊደሎች ጻፍ፣ ሌላ 841 ሲመጣ እንዳይቀላቀል። አርቱ 65,536፣ ዩቡቱ 131,072 ባይት መሆን አለበት። አንዱ እንኳ ካነሰ ድጋሚ ገልብጥ፤ ልክ ሲሆኑ ፍላሽ ዲስክ ላይ አንድ ቅጂ አስቀምጥና ጻፍ።